ክሊኒክ ስገባ ግፊቴ ይጨምራል፣ ቤት ስለካ ይወርዳል፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ነው። የማውቀው በሽታ የለብኝም። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ግን ግፊቴ ይጨምራል። ባለፈው 158 በ96 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ መለኪያውን ክንዴ ላይ ስትጠመጥም ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄን ያልበኛል። ቤት ስለካው 124 በ78 አካባቢ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት መጀመር ሊኖርብህ ይችላል አለኝ። እውነተኛው ግፊቴ የቱ ነው? ይሄን ፍርሃትስ ምን ላድርገው?»

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ክሊኒክ ውስጥ በዚያች ደቂቃ ግፊትዎ በእርግጥ 158 ደርሷል። ቤትዎ ሲቀመጡ ደግሞ 124 ሆኖ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት አንድ ቦታ የሚቆም ነገር አይደለም። ሲተኙ ይወርዳል። ደረጃ ሲወጡ ይጨምራል። ሲናደዱም ይጨምራል። መድኃኒት ይጀመር ወይስ አይጀመር ለማለት ማወቅ ያለብን ደም ሥሮችዎ በየቀኑ የሚሸከሙት ግፊት ስንት እንደሆነ ነው። ለዚህ አንድ የክሊኒክ ልኬት አይበቃም። እውነቱን ለመናገር «ቤት 124 አካባቢ ነው» የሚለውም አይበቃም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የገለጹት ነገር በሕክምናው በደንብ የታወቀ ነው። የነጭ ጋዋን ግፊት ይባላል። ክሊኒክ ውስጥ ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ በአግባቡ ሲለካ ግን አማካዩ ከ135 በ85 በታች ይመጣል። ክሊኒክ ውስጥ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከሚገኙ ሰዎች መካከል፣ እንደየጥናቱ ቢለያይም፣ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ብዙ ሰው ነው። ስለዚህ «እኔ ብቻ ነኝ ፈሪ» ብለው ራስዎን አይውቀሱ።

ሰውነትዎ ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎት። አእምሮ «እዚህ ስጋት አለ» ብሎ ሲገምት የእርስዎን ፈቃድ አይጠይቅም። ከኩላሊቶችዎ በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። የነርቭ ጫፎችም ኖርአድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ፈጠን፣ ጠንከር ብሎ ይመታል። ትንንሾቹ የደም ቅዳ ሥሮች ይጠባሉ። ብዙ ደም በጠበበ መንገድ ሲገፋ ግፊቱ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሰከንዶች ሥራ ነው። ላቡም፣ ድው ድው የሚለው ልብም ከዚሁ የመጡ ናቸው። «አይዞህ፣ ተረጋጋ» መባል ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ማንም በትእዛዝ አድሬናሊኑን አያቆምም።

ጭማሪው ምን ያህል እንደሚሆን በግልጽ ያሳየው በ1983 ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሴፔ ማንቺያና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ነው። ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ደም ቅዳ ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ግፊቱን ያለማቋረጥ መዘገቡ። ከዚያ ሐኪም ገብቶ እንደተለመደው ክንድ ላይ ለካ። የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ27፣ የታችኛው በ15 ገደማ ዘለለ። ጫፍ የደረሰው በመጀመሪያዎቹ 4 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ጭማሪ ወርዶ ነበር። በኋላ ደግሞ በሐኪሙ ፋንታ ነርስ ስትገባ ጭማሪው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙልኝ። ክሊኒክ እንደገቡ ወዲያው የሚወሰደው ልኬት ከሁሉም የበለጠ ያጋንናል። ጊዜ መስጠት ብቻውን ደግሞ ብዙ ያወርዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብዎት። መፍራትዎ ብቻውን ግፊቱ ከፍርሃት የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ምንም ፍርሃት ሳይሰማቸው ክሊኒክ ውስጥ የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ። ክሊኒክ ሲገቡ የሚፈሩ፣ ግን ቤታቸውም ሳሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎችም አሉ። እኔን የሚያስጨንቁኝ እነዚህኞቹ ናቸው። «የኔ እኮ ፍርሃት ነው» እያሉ ዓመታት ያልፋሉ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን፣ ዐይንን ግን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ስለዚህ ስሜትዎን መፍረጃ አያድርጉት። ቁጥር እንሰብስብ።

ፍርሃቱን ከመውቀሳችን በፊትም መጀመሪያ አለካኩን እንይ። ብዙ ጊዜ በጭንቀት የሚሳበበው ጭማሪ ከፊሉ ከአለካክ ነው የሚመጣው። ሰውየው በጥድፊያ ይገባል። ሳያርፍ ይቀመጣል። እግሩን አነባብሮ፣ ጀርባው ሳይደገፍ፣ እጁ ተንጠልጥሎ፣ የሹራቡ እጅጌ ላይ ይጠመጠምለታል። መለኪያው እየነፋ ነርሷ «ምን ያምሃል?» ትለዋለች። እሱም ይመልሳል። እያንዳንዷ ነገር ቁጥሩን ወደ ላይ ትገፋለች። ማውራት ብቻውን 10 ያህል ሊጨምር ይችላል። በ2024 በታተመ ጥናት ክንድ ጠረጴዛ ላይ ከማረፍ ይልቅ ጭን ላይ ሲሆን የላይኛው ቁጥር በ4 ገደማ፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል ደግሞ በ6.5 ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሽንት መያዝም ይጨምራል። ክንዳቸው ወፈር ያለ ሰዎች ደግሞ የሚጠመጠመው ጨርቅ ስፋት ወሳኝ ነው። በጣም ትልቅ መጠን ለሚያስፈልገው ሰው መደበኛው ሲጠመጠምለት የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ20 ገደማ ሊጋነን እንደሚችል በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ያ ማለት 135 የሆነ ሰው 155 ተብሎ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ይሄን ሳስብ በጣም ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ማስተካከያው ሌላ ጨርቅ ማምጣት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ እንዲህ ያድርጉ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ፣ ስፖርት አይሥሩ። ሽንት ቤት ይሂዱ። ጀርባዎን ተደግፈው፣ ሁለቱንም እግሮችዎን መሬት ላይ አሳርፈው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ባዶ ይሁን፣ በልብዎ ከፍታ ልክ የሆነ ነገር ላይ ይረፍ። እየተለካ አያውሩ፣ ስልክም አይነካኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ እንዲደገምልዎት ይጠይቁ። ይህ ውለታ መጠየቅ አይደለም። ትክክለኛው አለካክ ራሱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቤትዎ 124 እንምጣ። ይህን ቁጥር እንዴት እንዳገኙት አልነገሩኝም። አንዴ ለክተው ነው? ደስ ያለዎትን መርጠው ነው? ቤት የሚለካ ሰው አንድ ፈተና አለበት፤ ከፍ ያለውን «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ትቶ ዝቅ ያለውን መጻፍ። ሆን ብሎ አይደለም። ማንም ደህና ነህ መባል ይፈልጋል። ግን እንዲያ የተሰበሰበ ቁጥር ሐኪሙንም እርስዎንም ያሳስታል።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፣ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይለኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ። ጠዋት የሚለኩት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይሁን፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሳይውጥ በፊት ነው። የወጣውን ሁሉ ይጻፉ። 161 ቢወጣም ይጻፉ። ሲጨርሱ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ይተዉና የቀሩትን ደምረው አማካዩን ያውጡ። የመጀመሪያው ቀን የሚተወው በእሱ ቀን ቤትም ቢሆን ሰው ስለሚደነግጥ ነው። 7 ቀን ካልሆነልዎ ቢያንስ 3 ቀን ይሁን።

ማሽኑም ይታይ። የላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ ትክክለኛነቱ በገለልተኛ ምርመራ የተረጋገጠ መሆን አለበት። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጅ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ቁጥሩ ስለሚዛባ አልመርጠውም። መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ክንድ ይለኩና ከፍ ያለ ቁጥር በሚሰጠው ይቀጥሉ። ማሽንዎን አንድ ቀን ክሊኒክ ይዘው ሄደው ከእነሱ መለኪያ ጋር ተራ በተራ ያወዳድሩት። ከ10 በላይ በተደጋጋሚ ከተለያዩ ማሽንዎን አይመኑት። የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ደግሞ የቤት ማሽን ሊያሳስታቸው ስለሚችል ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ለ24 ሰዓት ክንድ ላይ ታስሮ የሚውልና የሚያድር መለኪያ ነው። ቀን በየ15 ወይም 30 ደቂቃው፣ ሌሊትም እየተኙ ይለካል። ከሥራዎ አያስቀርም። የ24 ሰዓቱ አማካይ ከ130 በ80 በታች ከሆነ ግፊት የለብዎትም እንላለን። የሌሊቱ ለብቻው ሲታይ ደግሞ ከ120 በ70 በታች መሆን አለበት። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም እንቅልፍ ላይ መድረሱ ነው። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። እንቅልፍ ላይም የማይወርድ ግፊት ፍርሃት ነው ሊባል አይችልም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2011 ጀምሮ ክሊኒክ ላይ ከፍ ያለ ግፊት ሲገኝ ምርመራው በዚህ እንዲረጋገጥ ይመክራል። አቅራቢያዎ ካለ ይጠይቁ። ከሌለ የ7 ቀኑ የቤት ልኬት ጥሩ ምትክ ነው።

ውጤቱ ሲመጣስ? የቤትዎ አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፍርሃቱ ቢኖርም ግፊትም አለብዎት። ያኔ ሐኪምዎ ያሉትን መድኃኒት በቁም ነገር ይውሰዱት። የአሜሪካ መመሪያ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ጠበቅ ብሎ 130 በ80ን ነው መነሻ የሚያደርገው፤ ሐኪምዎ የትኛውን እንደሚከተሉ ይጠይቋቸው።

አማካዩ እንዳሉት በ124 በ78 ዙሪያ ከሆነ ነገሩ የነጭ ጋዋን ግፊት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ደረጃ መድኃኒት አንጀምርም። ክሊኒክ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ መድኃኒት ብንደራርብ ሰውየው ቤቱ ሲገባ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ያዞረዋል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

ግን «እንኳንም ፍርሃት ሆነ» ብለው ፋይሉን አይዝጉት። በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና መድኃኒት የማይወስዱ የነጭ ጋዋን ግፊት ያለባቸው ሰዎች፣ ግፊታቸው በሁሉም ቦታ ልክ ከሆነ ሰዎች ይልቅ ለልብና ለደም ሥር ችግር በመጠኑ የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነሱ መካከልም ብዙዎቹ በዓመታት ውስጥ ወደ ቋሚ ግፊት ይሻገራሉ። በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ቤት ሲለካ ከ120 በ70 ጀምሮ ያለውን «ከፍ ያለ» ብሎ ነው የሚጠራው። በሽታ ነው አላለም፤ ክትትል ይፈልጋል ማለቱ ነው። ስለዚህ የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የኩላሊት ምርመራ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ፣ ኢሲጂም (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) አንዴ ይታዩልዎ። ጨው በቀን በጠቅላላው ከ5 ግራም ባይበልጥ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው ቢራመዱ፣ ክብደት ካለ ቢቀንሱ፣ አልኮል ቢያሳንሱ ጥሩ ነው። የ7 ቀኑን የቤት ልኬት ቢያንስ በዓመት አንዴ ይድገሙት።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ክሊኒክ ላይ ልክ ሆኖ ቤትና ሥራ ቦታ ከፍ የሚል። ድብቅ ግፊት ይባላል፣ ከነጭ ጋዋኑም የበለጠ አደገኛ ነው። ይሄን የማነሳው ቤት ውስጥ መለካት የሚጠቅመው ለፈሩ ሰዎች ብቻ እንዳይመስል ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ከሁሉም በፊት፣ እንዳይደብቁት። ክንድዎን ሲዘረጉ «ስለካ በጣም እፈራለሁ፣ ትንሽ ልቀመጥና ደጋግመው ይለኩልኝ» ይበሉ። ፍርሃትን ለመደበቅ መታገል ራሱ ሰውነትን ያስጨንቃል። ከቻሉ ቀደም ብለው ይድረሱ። ክሊኒኩ ራሱ ደጋግሞ የሚለካ አውቶማቲክ ማሽን ካለው፣ አስረውልዎት ከክፍሉ እንዲወጡ ይጠይቁ። ብቻዎን ሆነው ሲለኩ ጭማሪው በብዙ ሰዎች ላይ በጣም ይቀንሳል።

ሲቀመጡ አተነፋፈስዎን ያዘግዩት። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል። ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ትንፋሽ ቀጥ አድርገው አይያዙ። ጡጫም አይጨብጡ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው መለኪያው ሲያጠብቀው ጡጫውን ይጨብጣል፣ ያ ቁጥሩን ይጨምረዋል። ትከሻዎን ይልቀቁት። ማሽኑ ላይ የሚሮጠውን ቁጥር አይመልከቱ። ሲያልቅ ይነገርዎታል።

አንድ የማየው ነገር አለ። ሰው አንዴ «ግፊትህ ከፍ ብሏል» ከተባለ በኋላ የሚፈራው ክሊኒኩን መሆኑ ይቀርና ቁጥሩን ራሱን ይፈራል። መለኪያው ፈተና ይሆንበታል፣ 120 ማለፊያ፣ 150 መውደቂያ። ይህ አስተሳሰብ ከተተወ ብዙ ነገር ይቀላል። ክሊኒክ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር የማምጣት ግዴታ የለብዎትም። የቤት መዝገብዎ እስካለ ድረስ የዚያ ቀን ቁጥር ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ይህን ካመኑበት በኋላ ክሊኒክ ላይ ያለው ቁጥራቸውም የወረደላቸው ሰዎች አሉ። ባይወርድም ግን ሕክምናው አይበላሽም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላው ጫፍ ነው። ቤት መለኪያ ገዝተው በቀን አሥር ጊዜ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ከፍ ሲል ይደነግጣሉ፣ ደንግጠው ይደግማሉ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ይህ እርስዎ ላይ ከጀመረ ያቁሙት። ከጠዋትና ከማታው ውጭ አይለኩ፤ 7 ቀኑ ሲያልቅ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት። ቤት መለካቱ ራሱ ካስፈራዎት የ24 ሰዓቱ መለኪያ ይሻልዎታል፣ ቁጥሩን ሳያሳይ ይመዘግባል። ፍርሃቱ ከቀጠሮ የሚያስቀር፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሌላ ምርመራም የሚያስተው ከሆነ ደግሞ ለጭንቀት ራሱን የቻለ ሕክምና አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የሚደረግ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና በደንብ ይሠራል። ለቀጠሮው ቀን ብሎ ከጓደኛ ማስታገሻ ክኒን ተቀብሎ መዋጥን ግን አልመክርም። ቁጥሩን ሊያወርደው ይችላል፤ እውነተኛውን ግፊት ግን ይሸፍንብናል።

ለሌሎች አንባቢዎች ሦስት አጫጭር ነገሮች። የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ያሉ ሰዎች ቤት ልክ ስለሆነ ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙ፤ ልክ ያደረገው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘባት ፍርሃት ነው ብላ ወደ ቤቷ አትመለስ፤ የዚያኑ ቀን ትታይ። ማንም ሰው 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የአንደበት መያዝ፣ የዕይታ መጥፋት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካለው ደግሞ መድገምና መጠበቅ አያስፈልግም። ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

እርስዎ ግን ጊዜ አለዎት። በ158 በ96 ላይ ያለ፣ ሌላ በሽታና ምልክት የሌለው ሰው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከክሊኒክ ውጭ ተለክቶ መረጋገጡ የተለመደ አሠራር ነው። ሐኪምዎን «የአንድ ሳምንት የቤት ልኬት ይዤ ልምጣና ያኔ እንወስን?» ብለው ይጠይቋቸው። አብዛኛው ሐኪም ደስ ይለዋል። አሁኑኑ መጀመር አለብህ ካሉዎት ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ኢሲጂው ላይ ወይም ሽንቱ ላይ ግፊት የቆየ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አግኝተው ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ ትክክል ናቸው። ሲመለሱ ማሽኑንና ሁሉም ቁጥር ያለበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። አማካዩን ከላይ በትልቁ ይጻፉት።